ድቡ ተናግሮ ሲጨርስ

(በሰሜን ቨርጂኒያ ለሐበሻ ወላጆች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ በመምጣታችሁ ደስ ብሎኛል። ልጅ ከጮኸባችሁ አትሸማቀቁ፤ የኔ ሥራ ከጩኸት ጋር ነው።

መጀመሪያ ይሄን ድብ ላስተዋውቃችሁ። ሆዱን ስጫነው ሰማችሁት? ቀለም ጠራ፣ ኤቢሲዲ ዘፈነ፣ ስንት እግር እንዳለው ቆጠረ፣ "እወድሃለሁ" አለ፣ ሳቀ። ይሄ ሁሉ አንድ ጊዜ ስለጫንኩት ነው። ሁሉም ደግሞ በእንግሊዝኛ።

ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ከቤት ቤት እየዞርኩ፣ እድገታቸው የዘገየ ከሦስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን ከወላጆቻቸው ጋር አጫውታለሁ። ድብ ወይ ውሻ ወይ ላም፣ ብቻ አንድ የሚለፈልፍ ነገር የሌለበት ሳሎን አላጋጠመኝም። አንድ ቤት ውስጥማ እኩለ ሌሊት ላይ ከቁም ሳጥን ውስጥ ብቻውን "ና እንጫወት" እያለ፣ አያትየው ተነስተው ጸበል ረጭተውበታል። ባትሪው እያለቀ ነበር።

እናቶች ሲደውሉልኝ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው "የትኛውን ልግዛለት?" ነው። ካርቶኑ ላይ "ቋንቋ ያዳብራል" ይላል። ልጅ አልናገር ብሎ እንቅልፍ ያጣች እናት ይሄን አንብባ ስልሳ ዶላር ብትከፍል አልፈርድባትም። እኔም ከፍያለሁ። ይሄን ሥራ ከመጀመሬ በፊት ለእህቴ ልጅ የሚናገር ላፕቶፕ ገዝቼለት፣ በሁለት ዓመቱ ኤቢሲዲን ከዳር እስከ ዳር ሲለው ዘመድ ጠርቼ አስጨብጭቤያለሁ። ልጁ ግን ውሃ ሲጠማው "ውሃ" አይልም ነበር። ማቀዝቀዣው ሥር ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። እኔ ጭብጨባው ላይ ስለነበርኩ አላየሁትም።

ወደ መጫወቻው ከመግባቴ በፊት ስለ ስያሜው ጥቂት ልበል። "የመማር ችግር" የሚለው ቃል ግራ ያጋባል። እዚህ አሜሪካ ቃሉ በአብዛኛው ትምህርት ቤት ገብተው ማንበብ ወይ ሒሳብ ለሚከብዳቸው ልጆች ነው የሚውለው። እንግሊዝ አገር ግን የአእምሮ እድገት ውስንነትን ይጠሩበታል። ድክ ድክ የሚል የሁለት ዓመት ልጅ "ዲስሌክሲያ (የማንበብ ችግር) አለበት" አይባልም። በዚያ ዕድሜ የምናየው መዘግየትን ነው፤ አለመናገር፣ ሲጠሩት አለመዞር፣ በጣት አለማመልከት። አንዳንዱ ምክንያቱ ይታወቃል፣ ለምሳሌ ዳውን ሲንድረም። አንዳንዱ በኋላ ኦቲዝም ይባላል። አንዳንዱ ደግሞ ስም ሳያገኝ ያልፋል።

"አባቱም የተናገረው በአራት ዓመቱ ነው" የሚለውን ነገር አውቀዋለሁ። በየቤቱ አለ። አባትየው በአራት ዓመቱ ተናግሮ ይሆናል። ሆኖም እድገታቸው ለዘገየ ከሦስት ዓመት በታች ልጆች የሚረዳ የመንግሥት ፕሮግራም አለ፤ እዚያ ማስመርመር በነፃ ነው። የሐኪም ደብዳቤ ሳትጠብቁ ራሳችሁ ደውላችሁ ማመልከት ትችላላችሁ። ካመለከታችሁበት ቀን ጀምሮ ምርመራውና የመጀመሪያው የእቅድ ስብሰባ በ45 ቀን ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። አስተርጓሚ የመጠየቅ መብትም አላችሁ። ፕሮግራሙ እዚህ ቨርጂኒያ "ኢንፋንት ኤንድ ቶድለር ኮኔክሽን" ይባላል፤ ሜሪላንድ "ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ ፕሮግራም"፣ ዲሲ ደግሞ "ስትሮንግ ስታርት" ነው። ልጁ ሦስት ዓመት ሲሞላው ጉዳዩ በአብዛኛው ወደ ትምህርት ቤቶች ስለሚዛወር ጊዜው አጭር ነው። መስማቱንም አስመርምሩ። በተለይ ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች ጆሯቸው ውስጥ ፈሳሽ እየተጠራቀመ ብዙዎቹ በደንብ አይሰሙም። የማይሰማ ልጅ ፊት የሚናገር ድብ ማስቀመጥ ምን ዋጋ አለው?

እሺ፣ ወደ ድቡ እንመለስ።

የሚናገር መጫወቻ አዲስ ነገር አይደለም። ቶማስ ኤዲሰን በ1890 እ.ኤ.አ. (የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የሚናገር አሻንጉሊት ለገበያ አውጥቶ ነበር። ሆዷ ውስጥ ትንሽ ፎኖግራፍ፣ የድሮ ድምፅ ማጫወቻ፣ አለ፤ ከጀርባዋ እጀታ ስታዞሩ የልጆች ግጥም ትላለች። ድምፅ የማባዛት ዘዴ ገና ስላልነበረ ወጣት ሴቶች ለእያንዳንዷ አሻንጉሊት ለየብቻ ይቀርጹ ነበር። ድምፁ ግን አስፈሪ ነው። ቶሎም ይበላሻል። በሳምንታት ውስጥ ከገበያ ወጣች።

እኔ የምወደው ሌላ ነው። በ1978 ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ "ስፒክ ኤንድ ስፔል" የሚባል ቀይ ሣጥን መሰል መጫወቻ አወጣ። የሰውን ንግግር በአንዲት ቺፕ አስመስሎ የሚያወጣ የመጀመሪያው ነበር፤ ኢንጂነሮች አሁንም ያወሩለታል። የተሠራው ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ልጆች ስለሆነ ለናንተ ልጆች አይሆንም። ያነሳሁት ለአንድ ባሕርዩ ነው። ማሽኑ ቃል ይጠራል፣ ፊደሉን በተራ እንድትጽፉ ይጠይቃል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ልጁ እስኪመልስ ይጠብቃል።

ይሄ ድብ ግን አይጠብቅም። አሁንም እያወራ ነው፣ ይቅርታ፣ ላጥፋው።

ዝምታው ለምን እንደሚያስፈልግ ከሁለት ጥናቶች ተነስቼ ልንገራችሁ። አንዱ በ2003 የወጣ የፓትሪሺያ ኩልና የባልደረቦቿ ሥራ ነው። የዘጠኝ ወር አሜሪካዊ ሕፃናት ቻይንኛ እንዲሰሙ ተደረገ። አንዳንዶቹ ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብሎ የሚያጫውታቸው ሰው ነበራቸው። ሌሎቹ ያንኑ ሰው በቪዲዮ ወይም በድምፅ ብቻ አገኙት። ከሰው ጋር የነበሩት የቻይንኛውን ድምፅ መለየት ቻሉ። ከማሽን የሰሙት ምንም አልተማሩም። ቃሉ ያው፣ ሰዓቱ ያው።

ሁለተኛው በ2015 መጨረሻ በአንድ የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና መጽሔት የወጣው የአና ሶሳ ጥናት ነው። አሪዞና ውስጥ 26 ወላጆች ከ10 እስከ 16 ወር ከሆናቸው ልጆቻቸው ጋር በየቤታቸው ሲጫወቱ ድምፃቸው ተቀዳ። በሚናገሩ ኤሌክትሮኒክ መጫወቻዎች ሲጫወቱ ወላጆቹ በደቂቃ ወደ 40 ቃል ተናገሩ። በተራ መጫወቻ፣ በእንጨት ኩብና በመሳሰለው፣ ወደ 56። በሥዕል መጽሐፍ ወደ 67። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ልጆቹም የእድገት መዘግየት ያለባቸው አልነበሩም። እኔ ግን በየሳሎኑ የማየው ይሄንኑ ነው። ድቡ ሲያወራ እናት ዝም ትላለች። ምን ታድርግ፣ ሰው ሲያወራ ማቋረጥ ነውር ነው ተብላ አድጋ!

ታዲያ ድቡን ሁሉ እንጣለው ወይ? አልልም።

ቶሎ ለማይማር ልጅ ማሽን አንድ ትልቅ ጸጋ አለው፤ አይሰለችም። የመጫወቻዋን ላም መቶ ጊዜ ብትጫኗት መቶውንም ጊዜ በአንድ ዓይነት ቃና "እምቧ" ትላለች። እኔ ሠላሳኛው ላይ ድምፄ ይለወጣል፣ ፊቴ ላይ ድካም ይታያል። ደጋግሞ መስማት ለሚያስፈልገው ልጅ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ሁለተኛ፣ "እኔ ሳደርግ ነገር ይሆናል" የሚለውን ያስተምራል። ለጤናማ ሕፃን ይሄ በቀላሉ ይመጣል፤ ማንኪያ ይጥላል፣ እናቱ ታነሳለች። ጡንቻው ለላላ፣ እጁ ለማይታዘዘው ልጅ ግን ማንኪያ መጣልም ሥራ ነው። ለሱ ትልቅ መጫኛ ያለው መጫወቻ በር ይከፍትለታል። ስለዚህ ስትገዙ አንድ መጫን አንድ ነገር ብቻ የሚያስደርገውን ፈልጉ። ብዙ መብራት፣ ብዙ ዘፈን ያለው ልጁን ያፈዘዋል እንጂ አያስተምረውም።

የመጫወቻው ዋናው ክፍል ግን ፋብሪካ የሠራው አይደለም። ድቡ ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ላሟ "እምቧ" አለች። አሁን እጃችሁን ላሟ ላይ አድርጉ፣ እንዳትደግም። ልጁን እዩት። በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ሐበሻ ዝምታ አይወድም፣ አራት ላይ ስትደርሱ "በል እንጂ! እምቧ በል! እምቧ!" ማለት ያምራችኋል። ቻሉት። ስድስት ላይ ወይ ሰባት ላይ ልጁ አንድ ነገር ያደርጋል። እጃችሁን ይገፋል፣ ቀና ብሎ ያያችኋል፣ "ም" ይላል። እሱ የልጁ ተራ ነው። ወዲያው መልሱለት፤ "እምቧ! ላሟ ትድገም? እሺ።" ይኸው ነው። ዲግሪ የተማርኩበትን ነገርኳችሁ።

አሁን ደግሞ ከከረጢቴ ሌላ ነገር ላውጣ። ይሄ ቀይ ክብ ነገር የምግብ ሣህን ክዳን ይመስላል። "ቢግማክ" ይባላል፤ ሚኒሶታ ያለ ኤብልኔት የሚባል ድርጅት የሚሠራው ነው። ወርዱ ወደ 13 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በጡጫም በክርንም ይጫኑታል። የራሱ የሆነ ምንም ድምፅ የለውም። እናንተ የቀዳችሁትን ብቻ ይናገራል። ዋጋው ከ100 ዶላር በላይ ስለሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ቅድም ያልኳችሁን ፕሮግራም በውሰት ጠይቁ። ካጣችሁ፣ ሳቁብኝ፣ ለውሻ ማሠልጠኛ ተብሎ በጥቂት ዶላር የሚሸጥ ድምፅ የሚቀዳ ቁልፍ አለ። ለደካማ እጅ ይከብዳል፣ ድምፁም ያን ያህል አይደለም፤ ለመጀመር ግን ይበቃል። ካርቶኑን ብቻ አያት እንዳያዩት ጣሉት።

እዚህ ላይ ነው አማርኛችን ጉድ የሚያወጣን። እንግሊዝኛ ተናጋሪዋ ባልደረባዬ "ስጡኝ" የሚለውን አንድ ጊዜ ቀድታ ጨርሳ ትሄዳለች፤ በቋንቋዋ ለማንም ያው ነው። እኔ "ስጪኝ" ብዬ ቀዳሁ። ልጁ እናቱ ፊት ሲጫነው ጥሩ ሆነ። ማታ አባቱ ፊት ተጫነው፣ "ስጪኝ!" አባትየው ተከፋ። ወደ "ስጠኝ" ቀየርነው፣ እናቱ ተከፋች። አያት ሲመጡ ደግሞ "ይስጡኝ" ሊሆን ነው። ስለዚህ በአማርኛ ስትቀዱ ወንድ ሴት፣ ትልቅ ትንሽ የማይለይ ቃል ምረጡ። "እንደገና"፣ "ሌላ"፣ "በቃ"፣ "ውሃ"፣ "እኔም"። "በቃ" እንዳይረሳችሁ። መናገር የማይችል ልጅ የሚነክሰውና የሚጮኸው ብዙ ጊዜ "በቃኝ" የሚልበት መንገድ አጥቶ ነው። የምትቀዱትን ድምፅም አስቡበት። ቁልፉ የልጁ አፍ ነው። ወንድ ልጅ በአክስቱ ድምፅ ሲናገር ያስቃል፤ በዕድሜ የሚቀርበውን ወንድ ዘመድ ፈልጋችሁ አስቀዱ።

ከቃላቱ ሁሉ በላይ ግን ቤታችን ውስጥ ያለውን ሀብት ተመልከቱ። ቋንቋችን ተቀባይ ይፈልጋል። "ተረት ተረት" ያለ ሰው "የላም በረት" የሚለው ካላገኘ ተረቱን አይጀምርም። "እንቆቅልህ" ሲሉ "ምን አውቅልህ" ነው። ድብብቆሽ ስንጫወት "ኩኩሉ!" ሲባል "አልነጋም!" እንል ነበር። ሁሉም ቦታ ላይ መልሱ አንድና የታወቀ ነው፣ ተራውም የታወቀ ነው፣ ሁሉም ሰው ይጠብቃል። የንግግር ባለሙያ ቁጭ ብሎ ለዘገየ ልጅ ጨዋታ ፍጠር ቢባል ከዚህ የተሻለ አይፈጥርም። አንድ ቁልፍ ላይ "አልነጋም" ብላችሁ ቅዱና ልጁን ከብርድ ልብስ ሥር አስገቡት። እስኪጫን ማንም አይፈልገው።

አንድ ቤት አለ፣ ሁለት ዓመት ተኩል የሆነው፣ ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ። ምንም ቃል አልነበረውም። አያቱ ከአገር ቤት መጥተዋል፤ ጠዋት ጠዋት ቡና ያፈላሉ፣ ይመርቃሉ። እኔ ቁልፉ ላይ የስድስት ዓመት የአጎቱን ልጅ ድምፅ አስቀዳሁ፣ "አሜን"። አያትየው መጀመሪያ አልወደዱትም። "አሜን ደግሞ በማሽን ይባላል?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ መልስ አልነበረኝም። "እማማ፣ ለሳምንት ይሞክሩልኝ" አልኳቸው። "እደግ ተመንደግ!" አሉ። ዝም አልን። ልጁ ቁልፉን አየ፣ እኛን አየ፣ መዳፉን አሳረፈበት። "አሜን!" የዚያን ቀን ቡናው እስኪቀዘቅዝ ነው የመረቁት። የመንደሩን ሰው ሁሉ አዳረሱ፣ እኔንም ባል ስጣት ብለዋል። ልጁ አንዱንም አላሳለፈም፣ አሜን፣ አሜን፣ አሜን። ባትሪ ገዝቼ ተመለስኩ።

ከሁለት ወር ገደማ በኋላ አያት ሲመርቁ ከመጫኑ በፊት ከንፈሩን ገጥሞ "መ" ይል ጀመር። በቁልፉ ነው ብዬ አልምልም። ዕድሜውም ጨምሯል፣ ጆሮውም ታክሟል።

"ማሽን ከለመደ አፉ ይሰንፋል" ብላችሁ የምትፈሩ ግን አትፍሩ። በ2006 የወጣ አንድ የጥናቶች ዳሰሳ በምልክት ቋንቋ፣ በሥዕልና በሚናገር መሣሪያ የተረዱ 27 ሰዎችን ውጤት መዝኖ ነበር። አንዱም እንኳ ንግግሩ አልቀነሰም። ከአሥሩ ወደ ዘጠኙ ጨምሯል፣ ጭማሪው ግን ብዙዎቹ ላይ ትንሽ ነው።

ሌላው የሚያንገበግበኝ "ልጁ እንዳይምታታበት አማርኛ አታውሩት" የሚለው ምክር ነው። አንዳንድ ባለሙያም ይላል፣ አንዳንድ ዘመድም ይላል። በ2005 ካናዳ ውስጥ ዳውን ሲንድረም ያለባቸው በሁለት ቋንቋ የሚያድጉ ልጆች በአንድ ቋንቋ ከሚያድጉት ጋር ተነጻጽረው ነበር። በእንግሊዝኛቸው ወደ ኋላ አልቀሩም። ሁለተኛው ቋንቋ ተጨማሪ ሆነላቸው እንጂ ሸክም አልሆነባቸውም። እናቱ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስታወራው ደግሞ ቃሉም ያጥራል፣ ጨዋታውም ይደርቃል። አማርኛ የማታውቀው ላም እንግሊዝኛውን ታስተምረው፤ እናንተ በሚቀናችሁ አውሩት።

አገር ቤት ያለ ዘመዳችሁም እንዲህ ያለ ልጅ ካለው፣ እንግሊዝኛ የሚለፈልፍ ድብ በሻንጣ አትላኩ። ባዶ ቁልፍና ባትሪ ላኩ። አፍ መፍቻ ቋንቋን ይዞ መሥራት እንደሚቻል አገር ቤት ያሳዩን አሉ። ነፍስ ይማር፣ ወ/ሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ። የፊደል ገበታችንን ድምፆች ይዘው "አቡጊዳ ፎኔቲክስ" ያሉትን የማስተማሪያ መንገድ ቀርጸዋል። ሀ፣ ሁ፣ ሂ ብሎ አፍ ማስከፈት! እያንዳንዱ ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ ለዚህ ይመቻል።

ስለ አደጋ ቶሎ ቶሎ ልናገር፣ ልጆቹ እየሰለቻቸው ነው። ሕፃን መጫወቻን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይሰማል፤ ስለዚህ ድምፅ ማውጫው ላይ ወፍራም ፕላስተር ለጥፉበት። የባትሪው ክዳን በብሎን ካልታሰረ አትግዙ። ትንሿ ክብ ባትሪ፣ የሳንቲም የምትመስለው፣ ከተዋጠች በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ታቃጥላለች። ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ነገን አትጠብቁ፣ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል። ኢንተርኔት ላይ ገብተው ከልጅ ጋር የሚያወሩትን ደግሞ ተጠንቀቁ። ጀርመን በ2017 "ማይ ፍሬንድ ኬይላ" የምትባለውን አሻንጉሊት እንደ ድብቅ መሰለያ ቆጥራ ከልክላታለች፤ የገዙ ወላጆችም እንዲያበላሿት ነግራለች።

ሳትገዙ መሞከርም ይቻላል። በ1963 ስዊድን ውስጥ የአካል ጉዳተኛ ልጆች ወላጆች "ሌኮቴክ" የሚባል የመጫወቻ ቤተ መጻሕፍት ጀመሩ፤ እንደ መጽሐፍ ትዋሳላችሁ፣ ልጁ ካልወደደው ትመልሳላችሁ። ከ1980 ጀምሮ ሐሳቡ አሜሪካም ገብቷል። እኛ እዚህ ያለን ስንት ቤተሰብ ነን? ወደ ሠላሳ? በየቤታችን ጥግ የተጣለውን ብንሰበስብ አንድ መደርደሪያ አይሞላም?

ጥያቄ ያላችሁ ቆዩኝ። አሁን ጠረጴዛው ላይ አሥራ ሁለት ቁልፎች አሉ። አንድ አንድ ውሰዱና ኮሪደሩ ውስጥ ቅዱ፣ እዚህ ጫጫታ ነው። አባቶች እባካችሁ እናንተም ተነሱ፣ ሁሌ እናት ብቻ ትቀዳለች። አንድ ቃል ብቻ። ቀድታችሁ ስትመለሱ ልጁ ፊት አስቀምጡት፣ እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አድርጉ፣ አትንኩለት። እኔ ሰዓት እይዛለሁ።